ማጽዳት ወይስ ፎርማት ማድረግ?

ባለፈው ሳምንት ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርጌ ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ፍላሼን ስሰካው ፎልደሮቼ በሙሉ ሾርትከት ሆነዋል። አንዱን ከፈትኩት። ባክዶሩ ላፕቶፔ ውስጥ የገባው ያኔ ነው።

ባክዶር የጓሮ በር እንደማለት ነው። የማታውቁት ሰው በኢንተርኔት በኩል ገብቶ ፋይል ይወስዳል፣ የምትጽፉትን ፓስዎርድ ያያል። ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ሶፍትዌርም ሌላው መግቢያው ነው።

ከጠረጠራችሁ መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፉ። ከዚያ ምርጫው ሁለት ነው። በአንቲቫይረስ ማጽዳት ቀላል ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው አንቲቫይረስ፣ የዲፌንደር፣ ኦፍላይን ስካን ዊንዶውስ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ የተደበቀውን የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል፣ 15 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፣ ሰነዶቻችሁም ባሉበት ይቆያሉ። ግን በሩ ክፍት በነበረበት ሰዓት ሌላ ምን እንደገባ በምን ታውቃላችሁ?

ለዚህ ነው እኔ ሁለተኛውን መርጬ ፎርማት ያደረግኩት፣ ማለትም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቼ ዊንዶውስን እንደ አዲስ የጫንኩት። አድካሚ ነው፣ ግማሽ ቀኔን በልቶታል። ከማጥፋታችሁ በፊት ሰነድና ፎቶ ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ የፕሮግራም ፋይል በጭራሽ አትውሰዱ። ዊንዶውሱን በንጹህ ኮምፒውተር ከራሱ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዱ፤ ከሰፈር በተገኘ ክራክ ከጫናችሁ ድካማችሁ ገደል ገባ። ፓስዎርድ ግን በሁለቱም መንገድ መቀየር አለበት፣ ከሌላ ንጹህ ስልክ፣ ከኢሜይላችሁ ጀምራችሁ።