አሮጌ ፒያኖዬን ያሠራሁባቸው ሽማግሌ

ፒያኖዬ ከአገር ከሚወጡ ሰዎች የገዛሁት አሮጌ ነው። ቁልፎቹ ይንኳኳሉ፣ አንድ እግሩን ነቀዝ በልቶታል። መጀመሪያ የወሰድኩት አንድ አናጢ ጋ ነበር፤ በየቁልፉ እንጨት ላይ ሚስማር የሚገባባቸውን፣ የሰፉትን ቀዳዳዎች በሙሉ ነጭ ኮላ ሞላልኝ። ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ግማሾቹ ቁልፎች ከተጫኑ አይነሱም።

ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፣ «ሰው እንዳትልኪብኝ» ብለውኛል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቀሉ (ለካ 88ቱም ላይ ቁጥር አለባቸው)፣ ኮላውን በመሮ ፈልፍለው፣ በየቀዳዳው ስስ እንጨት እያጣበቁ እንደ አዲስ በሱት። የሚያጣብቁት ከከብት ቆዳ በሚሠራ ሙጫ ነው። ውሃ ላይ ተቀምጦ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ ከፈላ ይበላሻል፣ ሽታው ደግሞ አይነሳ! «ጋሼ፣ በኮላ ቶሎ አያልቅም?» ብላቸው «ልጄ፣ ነገ የሚፈታው ሰው ይረግመኛል» አሉኝ። የቆዳው ሙጫ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ይለቃል፤ ኮላውን ግን እንዴት እንደፈለፈሉት ቆሜ አይቻለሁ።

እኔን ያስፈራኝ የመቃኛ ሚስማሮቹ (ሽቦዎቹ የሚጠመጠሙባቸው) የገቡበት ጣውላ ነበር። ከ200 በላይ ሽቦ ተወጥሮበታል፣ ጉተታው ሲደመር ከ15 ቶን ያልፋል፣ ሚስማሮቹን የያዘው ግን የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነው፤ በጋ ላይ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፣ ቅኝቱም አይቆምም። ደግነቱ ጣውላው አልተሰነጠቀም። የላሉትን አውጥተው ትንሽ ወፈር ባሉ ሚስማሮች ተኩልኝ። ሚስማሮቹ የመጡት ከአሜሪካ፣ በአክስቴ ሻንጣ ነው።

ቅሬታ አለኝ። ሦስት ሳምንት ብለው ሰባት ቆየ። ስልክ አያነሱም። አዲሱ እግር ዋንዛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀለሙ ግን ከሌላው ጋር አይገናኝም፤ ቫርኒሽ ደርበውበት ጭራሽ ባሰበት። ዋጋውም ፒያኖውን የገዛሁበትን ሩብ ያህል ነው፣ መቃኛው ለብቻ። እኔ ግን ድጋሚም እሳቸው ጋ ነው የምሄደው።

ክረምት ሲገባ አንዱ ቁልፍ አብጦ ተያዘ። ስደውል (አነሱ!) «ፒያኖውን አታስጭኚ፣ ቁልፉን ብቻ አምጪው» አሉኝ። 41ኛውን በፌስታል ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቴ ሳብ አድርገው መለሱልኝ፣ አላስከፈሉኝም።