ሞስኮ ላሉት አስጎብኛችን ምስጋና፦ የሩሲያን ጥንታዊ ከተሞች በባቡር ማየት ለምትፈልጉ

በትምህርት ሄደው ሞስኮ የቀሩ ያገራችን ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ ጋሼ እንበላቸው። እግዚአብሔር ይስጥልን! አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን።

ከስምንት ሰው በላይ አይወስዱም፤ ልክም ናቸው። ኩፔ የሚባለው በር ባላቸው የመኝታ ክፍሎች የተከፈለ ፉርጎ ዘጠኝ ክፍል አለው፣ በየክፍሉ አራት አልጋ። ስምንት ሰው ሁለት ክፍል ሞልቶ ይተኛል፣ ባይተዋር አይገባበትም። ሞስኮ ካለው ሌኒንግራድስኪ ጣቢያ ማታ ተነስቶ ጧት ቬሊኪ ኖቭጎሮድ ለሚገባው ባቡር ከ9 እስከ 16 ያሉትን አልጋዎች ይይዛሉ። ከ33 እስከ 36 ያሉትን ግን በፍጹም አይቆርጡም፤ መጸዳጃ ቤቱ ጎን ስለሆኑ ሌሊቱን በር ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሚታደረው። ጎዶሎ ቁጥሮቹ የታች አልጋ ስለሆኑ ለእናቶችና ለአባቶች ይሰጣሉ።

ትልቁ ውለታቸው ትኬት ላይ ነው። የባቡሩ ቅጽ የቤተሰብ ስም፣ ስም፣ የአባት ስም ብሎ በየተራ ይጠይቃል። የእኛ ሰው ደግሞ ሦስቱን ስም እንደለመደው ይደረድርና ከፓስፖርቱ ጋር ሳይገጥም ይቀራል፤ የፉርጎዋ ተቆጣጣሪ በር ላይ ፓስፖርት ከትኬት ጋር ታመሳክራለች። ስለዚህ ጋሼ የፓስፖርቱን ፎቶ ተቀብለው ራሳቸው ይሞላሉ። ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ ውጭ አገር የወጣ የቪዛ ካርድና ማስተርካርድ እዚያ ስለማይሠራ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ቭላድሚር ከተማ ላስቶችካ በሚባለው ፈጣን ባቡር ከሞስኮ ሁለት ሰዓት አይሞላም። መነሻው አንዳንዴ ኩርስኪ፣ አንዳንዴ ቮስቶችኒ ስለሆነ የጣቢያውን ስም ትኬቱ ላይ አንብቡ። እዚያ የቅዱሳን ሥዕል ሠዓሊው አንድሬ ሩብልዮቭ እ.ኤ.አ. በ1408 የሳላቸውን የኡስፔንስኪ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕሎች ሳታዩ እንዳትመለሱ፤ ለዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ቢሰጥ አይበዛም። ሱዝዳል ባቡር አይገባም፤ ከቭላድሚር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አውቶቡስ አለ፣ የሚያወርደው ግን ከመሃል ከተማው ራቅ አድርጎ ነው። ኔርል ወንዝ አጠገብ ወዳለችው የፖክሮቭ ቤተ ክርስቲያን ከቦጎሊዩቦቮ ጣቢያ በመስክ መሃል በእግር ይኬዳል። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ሞልቶ መስኩን ስለሚውጠው ጋሼ ያን ሰሞን ፕሮግራሙ ውስጥ አያስገቧትም።

ሰርጊየቭ ፖሳድ ከሞስኮው ያሮስላቭስኪ ጣቢያ በኤሌክትሪችካ (በከተማ ዳር ባቡር) አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በመደበኛው ኤሌክትሪችካ የወንበር ቁጥር ስለሌለ ቀደም ብሎ መግባት ነው። ትኬቱን አትጣሉ፣ ስትወጡም መውጫው ላይ ያስፈልጋል። ሴቶች ነጠላችሁን ያዙ፤ እዚያ ባለው ገዳም ውስጥ ራስ መሸፈን ግድ ነው፣ ቀሚስም ይመረጣል።

የመግቢያ ቪዛ ጋሼ አይሠሩም፤ እሱን በኤምባሲ በኩል ጨርሳችሁ ደውሉላቸው።