አውራ አምባ ወይስ የሻሸመኔ ራስታዎች?

ሁለቱም ከሕልም የተወለዱ ሰፈሮች ናቸው፤ አመጣጣቸው ግን ለየቅል ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከጎናችን ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ሻሸመኔ ላይ መሬት ሰጡ፤ ራስታዎች ከጃማይካና ከሌሎች ደሴቶች መጥተው ሰፈሩበት። አብዛኛውን ደርግ ወረሰው። መታወቂያ እንዲያገኙ የተወሰነው ገና እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ለአውራ አምባ መሬት የሰጠው ንጉሥ አልነበረም። ዙምራ ኑሩ እ.ኤ.አ. በ1972 ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጥቂት ሰዎችን ይዘው መሠረቱት። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። በዚያ አካባቢ፣ ያውም በዚያ ዘመን! ጎረቤት አገለላቸው፤ በደርግ ጊዜ ተሰደዱ፤ ተመልሰው ሽመናን መተዳደሪያ አደረጉ። የራስታዎቹን ባሕር መሻገር ሳልንቅ፣ ድፍረትን ብመዝን ወደ አውራ አምባ አደላለሁ።