አሥር ወር ከቢንቢ ራኬት ጋር፦ ሐዋሳ ላይ የሠራውና ያልሠራው

ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የተሠራባቸው ሁለት የቢንቢ ራኬቶች፣ ማለትም ቢንቢን በኤሌክትሪክ መረብ የሚገድሉ መምቻዎች፣ ናቸው። አንደኛው የቆየው ዓይነት ነው፤ ከእጀታው ሥር ስፒናው ተስቦ ይወጣና ግድግዳ ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰካል፣ ውስጡ 4 ቮልት የሊድ ባትሪ አለው። ሁለተኛው በስልክ ቻርጀር የሚሞላ፣ የሊትየም ባትሪና ሐምራዊ መብራት ያለው፣ መቆሚያው ላይ ሲቀመጥ «ራሱ ይገድላል» ተብሎ የሚሸጠው ነው። ቤቱ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ ከመሸ በኋላ መስኮት ከተከፈተ ቢንቢ አይቀርም።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ራኬቱ በእጅ ሲያዝ ይሠራል፣ በጣም ይሠራል። ሐምራዊው መብራት ሐዋሳ ውስጥ ምንም አልረባም። የራኬቱን ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ መረቡ ወይም ሰርኪዩቱ ሳይሆን ባትሪውና የሚሞላበት መንገድ ነው። ሻጭም ካርቶንም የማይነግረው ይህን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው እሱን ነው።

ዝንብን በጭራ ማባረር የኖረ ነገር ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚገድል ራኬት ግን የቅርብ ጊዜ ዕቃ ነው። ታይዋናዊው ጻኦ-ዪ ሺህ ለዚህ ዓይነቱ መምቻ የአሜሪካን ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። እጀታው ውስጥ አንድ ትራንዚስተርና የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ትራንስፎርመር የባትሪውን 4 ቮልት እየቆራረጡ ከፍ ያደርጉታል፤ ቀጥሎ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) እና ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙት) እያባዙ ወደ 2000 ቮልት ገደማ ያደርሱታል። መረቡ ሦስት ድርብ ነው። የውጭዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ መሀለኛው ለብቻው ነው። ስለዚህ ውጭውን ብቻ የነካ እጅ አይነዝረውም፤ እስከ መሀለኛው የዘለቀ ጣት ግን ይነዝረዋል።

ደረቅ አየር ላይ ብልጭታ አንድ ሚሊ ሜትር ለመዝለል 3000 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። በመረቦቹ መካከል ያለው ክፍተት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ 2000 ቮልት ብቻውን አይሻገረውም። ቢንቢዋ በመሀል ስትገባ ግን ሰውነቷ ክፍተቱን ያጠበዋል፣ ብልጭታውም በእሷ በኩል ያልፋል። የራኬቱ ድክመት አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ትንሿ ቢንቢ ሳትነካ ታልፋለች። ባትሪው ከደከመ ደግሞ ቮልቱ ይወርድና ትደነዝዛለች እንጂ አትሞትም። ወለል ላይ የወደቀችው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነሥታ ስትበር ከታየች ራኬቱ ቻርጅ ይፈልጋል ማለት ነው።

አመታቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በኃይል ሲወነጨፍ የራኬቱ ጠርዝ ግድግዳና ወንበር እየመታ ይጣመማል፤ ቢንቢዋም ከእጅ ፈጣን እንቅስቃሴ ትሸሻለች። የሚሻለው ቁልፉን አስቀድሞ ተጭኖ፣ አንድ ሰከንድ ጠብቆ፣ መረቡን ቀስ ብሎ በመንገዷ ላይ ማሳለፍ ነው። ግድግዳ ላይ ያረፈችውን ከግድግዳው ጋር ማጣበቅ አይሠራም፤ የፕላስቲኩ ጠርዝ መረቡን ከግድግዳው ስለሚያርቀው በመሀል ታመልጣለች። መረቡን ከፊቷ ሁለት ሦስት ሣንቲ ሜትር አርቆ ይዞ በሌላው እጅ ግድግዳውን መታ ማድረግ በቂ ነው፣ ራሷ ተነሥታ ትገባለች። ጊዜው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። መፈለጊያው ቦታ ጨለም ያለው ነው፦ ከመጋረጃ ጀርባ፣ አልጋ ሥር፣ በር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ልብስ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ጎን። ከመኝታ በፊት እነዚህን አንድ ዙር መዞር ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ክፍሉ ውስጥ በዘፈቀደ ከመወዛወዝ ይልቅ ይህ አንድ ዙር የበለጠ ይገድላል።

አሁን ወደ ባትሪው። የቆየው ራኬት ባትሪ በአምስተኛው ወር አብጦ ሞተ፤ ምክንያቱ ራኬቱ ሲከፈት ግልጽ ሆነ። ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ትራንስፎርመር የለውም። የሶኬቱን 220 ቮልት አንድ ካፓሲተር ብቻ ይገድበዋል፣ አራት ዳዮዶች ያቀኑታል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ካፓሲተሩ ላይ 474 የሚል ከተጻፈ 0.47 ማይክሮ ፋራድ ነው፤ በእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ላይ የሚያሳልፈው 32 ሚሊ አምፒር ያህል ነው። 400 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሆነ ባዶ ባትሪ በዚህ ለመሙላት፣ የሚባክነው ሲታከል፣ 14 ወይም 15 ሰዓት ይፈጅበታል። ካርቶኑ ላይ ያለው «8 ሰዓት» ስለዚህ ግማሽ ያህሉን ብቻ ይሞላል። 105 የሚል ካፓሲተር ካለ 1 ማይክሮ ፋራድ ነው፤ ያኔ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ሲሞላ የሚያቆም ነገር ደግሞ የለውም። ቀይዋ መብራት የምትበራው ሶኬት ላይ ስለተሰካ ብቻ ነው፤ ስለ ባትሪው ሁኔታ የምትናገረው የለም። ሁለት ቀን ተሰክቶ ከተረሳ በባትሪው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ ሆዱ ያብጣል። በተቃራኒው ባዶውን አንድ ወር መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠም ይሞታል፤ የሊድ ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲቆይ ሰሌዳዎቹ ላይ የሚጋገረው ጨው በኋላ ቻርጅ አልቀበል ይላል። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ችግሩ ይብሳል፣ ምክንያቱም ስንት ሰዓት እንደሞላ መቁጠር ያስቸግራል። የሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ የተሰካበትን ሰዓት በማጣበቂያ ወረቀት እጀታው ላይ መጻፍ፣ ሰዓቱ ሲደርስ መንቀል፣ ሳይሠራበትም ቢሆን በየሦስት ሳምንቱ ለጥቂት ሰዓት መሙላት። ቴስተር ያለው ሰው ባትሪውን ይለካው፦ ከተነቀለ አንድ ሰዓት በኋላ 4.2 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 3.6 ከደረሰ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ከ3 በታች ሆኖ ከሰነበተ በአብዛኛው አይመለስም።

የሞተውን በአዲስ 4 ቮልት የሊድ ባትሪ መተካት አንዱ መንገድ ነው፤ ሁለት ሽቦ ሶልደር ማድረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የተመረጠው ግን ወደ ሊትየም መቀየር ነበር። ሊትየም ከ4.2 እስከ 3 ቮልት ስለሚሠራ ሰርኪዩቱ ልዩነቱን አያውቀውም። እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። የድሮው የሶኬት ቻርጀር ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ማቆሚያ የሌለው ቻርጀር የሊድ ባትሪን ያበላሻል፤ ሊትየምን ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ስፒናው ይነቀላል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ በምትኩ ቲፒ 4056 የምትባለው ትንሽ የቻርጅ ሰሌዳ ትገባለች። ስድስት ጫፍ ያላት ትመረጥ፤ ሁለቱ ለባትሪው፣ ሁለቱ ለመውጫው፣ ሁለቱ ለመግቢያው ናቸው፣ ባትሪው ከመጠን በላይ ሲወርድም ትቆርጣለች። አራት ጫፍ ብቻ ያላት ይህ መከላከያ የላትም። ሰሌዳዋ ስትገዛ በ1 አምፒር ነው የምትሞላው፤ ባትሪው ትንሽ ከሆነ ላይዋ ያለችውን የ1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪኩን ፍሰት የምትገታዋን) በ2 ኪሎ ኦም መተካት ወደ 580 ሚሊ አምፒር ያወርደዋል። በየካቲት የተቀየረው እስካሁን ያለ ችግር እየሠራ ነው።

አዲሱ ራኬት ከመጀመሪያውም ሊትየም ስለሆነ በዚህ በኩል አልተቸገረም። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ እንዲመልሰው ያደርጋል፦ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ አይሞላም። መግቢያው ላይ መኖር የነበረባቸው ሁለት የ5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ስለሌሉ አዲሱ የስልክ ቻርጀር ምንም ነገር እንደተሰካበት አይቆጥርም። የድሮው ሰፊ ጫፍ ያለው ገመድ ሲሰካ ወዲያው ይሞላል። ባትሪው ላይ 4000 እና 5000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚል ጽሑፍ ደግሞ መታመን የለበትም፤ 18650 የሚባለው የዚህ መጠን ባትሪ ጥሩው እንኳ ከ3500 ብዙም አያልፍም።

ሐምራዊው መብራት በሌሎች ነፍሳት ላይ ይሠራል፣ ችግሩም ያ ነው። ቢንቢ ሰውን የምታገኘው በሚተነፍሰው አየርና በገላው ሽታ ነው፣ በብርሃን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የአሜሪካው ደላዌር ዩኒቨርሲቲ ጥናት በእንዲህ ዓይነት መብራቶች የሞቱ 13,789 ነፍሳትን ቆጥሮ ከነሱ መካከል የሚናከሱት 31 ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ከሐይቁ የሚወጡት የማይናከሱ ጥቃቅን ትንኞች ብርሃን ሲያዩ ይግተለተላሉ። መብራቱ በርቶ ባደረ ቁጥር ጠዋት ላይ መረቡ በእነሱ ተሞልቶ ይገኛል፤ እግርና ክንፋቸው በመረቦቹ መካከል ተጣብቆ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጣጣ ባትሪውን ይጨርሳል። የሚናከሱት አልጋው አጠገብ ናቸው። ከኅዳር በኋላ መብራቱ አልተከፈተም፤ ለእሱ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ብክነት ነው። ግንባሩ ላይ ያለችው እንደ እጅ ባትሪ የምታበራ ነጭ መብራት ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ጠቅማለች።

ጽዳቱ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ነው፣ በሳምንት አንዴ። ውኃም እርጥብ ጨርቅም አይነካውም። ከማጽዳት በፊት ማብሪያው ይጥፋ፣ ከዚያ እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ካቻቢቴ የውጭውና የመሀለኛው መረብ ይገናኙ፤ ካፓሲተሩ ውስጥ የቀረ ቻርጅ ካለ «ጧ» ብሎ ይወጣል። ርካሾቹ ላይ ይህን ቀስ ብሎ የሚያፈስ ሬዚስተር ስለማይኖር ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላም ይነዝራሉ። ራኬቱ ወድቆ መሀለኛው መረብ ውጭውን ከነካ ብልጭታው በሙሉ ይጠፋል፤ ሰው ባትሪው የሞተ ይመስለዋል። ወደ ብርሃን አቅንቶ በጎን ሲያዩት የተጣመመችው ሽቦ ትታያለች፣ በትንሽ ፒንሳ ትቃናለች። በክረምት እርጥበቱ አቧራውን ስለሚያረጥበው ያለ ቢንቢም መንጣጣት ይጀምራል፤ ጠርጎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይበቃዋል።

አደጋው ላይ ሦስት ነገር። ፍሊት በተነፋበት ክፍል ራኬቱ አይከፈት፤ በቆርቆሮው ውስጥ ያለው ገፊ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው፣ የራኬቱ ብልጭታ ደግሞ ክብሪት ነው። ሲሊንደር ያለበት ኩሽና ላይም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ የቆየው ዓይነት ሶኬት ላይ እያለ ሰርኪዩቱ በሙሉ ከ220 ቮልቱ ጋር የተገናኘ ነው፤ ያኔ ቁልፉን መጫን፣ መረቡን መንካት፣ መክፈት አይገባም። ተነቅሎም የስፒናው ሁለት ጥርስ ለጥቂት ጊዜ ሊነዝር ይችላል። ሦስተኛ፣ ዝንብ ላይ መጠቀም ይቻላል፣ ምግብ አጠገብ ግን አይሁን። ዝንቡ ሲፈነዳ ቁርጥራጩ ይረጫል፤ የካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት በኤሌክትሪክ የተመታ ዝንብ የተሸከመውን ባክቴሪያ ወደ አየር እንደሚበትን አሳይተዋል። አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ራኬት ማወዛወዝ ከዝንቡ የባሰ ነው።

አጎበርንም አይተካም። የወባ አስተላላፊዋ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ሰው ከተኛ በኋላም ትነክሳለች፤ ያኔ ራኬት የያዘ እጅ የለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው የወባ ወቅት ራኬቱ የሚያገለግለው አጎበር ከመውረዱ በፊት ውስጡ የገባችውን ለማጥፋት ነው፤ ለዚህ ግን ተወዳዳሪ የለውም።

ለሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ አለ። መረቡ ሦስት ድርብ ይሁን፤ ትይዩ ሽቦ ብቻ ያለው አንድ ድርብ ትናንሾቹን ያሳልፋል። ካርቶኑን ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅነቅ ስታደርጉት ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ባትሪው አልተጣበቀም፣ ሽቦውም ሳይቆይ ይበጠሳል። ቁልፉን ተጭናችሁ በካቻቢቴ መረቦቹን አገናኙ፤ ብልጭታው ነጭና ድምፁ ደረቅ ይሁን። ከዚያ ወዲያው አምስት ጊዜ ደጋግሙት። አምስተኛው ከመጀመሪያው ከደከመ ባትሪው መደርደሪያ ላይ ባዶውን ከርሟል፣ ሌላ ይምጣላችሁ በሉ።