የጎልፍ ኳስ የማነጣጠሪያ ምልክቶች ንጽጽር፦ አጭር ቀስት፣ ሦስት መስመር፣ ሙሉ ቀበቶ ወይስ ሁለት ቀለም?

ከ3 ሜትር ርቀት በፑተር (ኳሱን መሬት ላይ አንከባልሎ ወደ ጉድጓዱ ለመስደድ በሚያገለግለው ዱላ) የተመታ ኳስ መነሻው ላይ ከታሰበው አቅጣጫ በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ፣ ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ከመሐሉ 5.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ያለው 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ይህቺ ትንሽ ስህተት ኳሱን ጠርዙ ላይ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ በኋላ መግባት አለመግባቱን የሚወስነው ፍጥነቱ ነው። በድራይቨር (ለረጅም ርቀት በሚያገለግለው ዱላ) ለተመታ ኳስ ግን ያው 1 ዲግሪ በ200 ሜትር ላይ የሚያመጣው ልዩነት 3.5 ሜትር ገደማ በመሆኑ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሜዳው አይወጣም። የማነጣጠሪያ ምልክት፣ ማለትም ኳሱን ወደታሰበው አቅጣጫ አስተካክሎ ለማስቀመጥ የሚረዳ መስመር ወይም ቀለም ያለውን ኳስ የሚገዛ ሰው በዋነኛነት የሚገዛው ለፑቲንግ (በፑተር ለሚመታው ምት) መሆኑን ከመነሻው ቢገነዘብ ይበጀዋል።

የጨዋታው ሕግም ወደዚያው ያመለክታል። ተጫዋቹ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት፣ ሣሩ በአጭሩ የታጨደ ቦታ) ላይ የኳሱን ቦታ በሳንቲም ወይም በመሰል ነገር ካመለከተ በኋላ አንሥቶ ሊያጸዳው፣ መስመሩንም ወደፈለገው አቅጣጫ አዙሮ እዚያው ቦታ ላይ ሊመልሰው ይችላል። ለመጀመሪያው ምት ኳሱን ቲ (ከፍ አድርጋ የምትይዝ ትንሽ ችንካር) ላይ ሲያስቀምጥም እንዲሁ ነፃነት አለው። በሜዳው መሐል ግን መስመሩን ለማስተካከል ብሎ ኳሱን ሆን ብሎ ቢነካ የአንድ ምት ቅጣት ይከተለዋል።

ምልክቶቹን ለመመዘን ከሁሉ በፊት የሚጠቅመው መለኪያ ርዝመት ነው፤ አብዛኞቹ ገዢዎች ግን የሚያዩት ቀለሙን ነው። የኳሱ ስፋት ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ ስለሌለበት፣ ከላይ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ሊታይ የሚችለው ረጅሙ ቀጥተኛ መስመር ወደ 4 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ነው። ኳሱ ሲቀመጥ የመስመሩ አንድ ጫፍ ከሌላው አንጻር በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ መስመሩ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ስህተቱ 1.4 ዲግሪ፣ 4 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ደግሞ 0.7 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በ3 ሜትር ፑት ላይ የመጀመሪያው ከጉድጓዱ መሐል 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃልና ይስታል፤ ሁለተኛው ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሚዛነፍ፣ ፍጥነቱ ልከኛ ከሆነ ይገባል። እጅ ያጠፋው ጥፋት እኩል ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለየው የመስመሩ ርዝመት ብቻ ነው።

በዚህ መለኪያ ደካማው ኳሱ ጎን ላይ የሚታተመው የተለመደው አጭር ምልክት ነው። የታይትሊስት ኩባንያ ፕሮ ቪ ዋን ኳስ ስሙን በሁለት ቀስቶች መካከል አድርጎ ይዟል፤ ሌሎች አምራቾችም ተመሳሳይ አጭር መስመር ያትማሉ። የዚህ ምልክት ጥቅሙ ዓይን አለማስቸገሩ ነው፦ መስመር የማይፈልግ ተጫዋች ምልክቱን ወደ ጎን አዙሮ ንጹሕ ነጭ ኳስ ፊቱ ማስቀመጥ ይችላል። ጠለቅ ያለ ማነጣጠር ለሚሻ ሰው ግን አይበቃም።

የካላዌይ ኩባንያ ትሪፕል ትራክ የተባለው ምልክት እ.ኤ.አ. በ2019 ኢአርሲ ሶፍት በተባለው ኳስ ላይ ወጣ። በሁለት ሰማያዊ መስመሮች መካከል አንድ ቀይ መስመር ያለው ሲሆን፣ የተመሠረተው የሰው ዓይን ሁለት መስመሮች እርስ በርሳቸው መገጣጠም አለመገጣጠማቸውን እጅግ አጥርቶ በመለየት ችሎታው ላይ ነው። ይህ ችሎታ ቬርኒየር በሚባለው መለኪያ ስም ይጠራል። የሦስቱ መስመሮች ትልቁ ትሩፋት በእኔ ግምት ከርዝመታቸው ይልቅ ትይዩነታቸው ነው፤ የመሐሉን መስመር አቅጣጫ ግራና ቀኙ ስለሚያረጋግጡለት፣ ዓይን ጠማማ አቀማመጥን ቶሎ ይይዛል። ኦዲሴይ የተባሉት የዚያው ኩባንያ ፑተሮችም ተመሳሳይ ሦስት መስመር ይዘው እ.ኤ.አ. በ2020 ስለወጡ፣ ኳሱንና ፑተሩን አብሮ ለሚጠቀም ሰው የኳሱ መስመሮች ከፑተሩ ጋር ሲገጥሙ ይታዩታል። ጉድለቱ፣ ሦስት ደማቅ መስመሮች ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ አንዳንድ ተጫዋች ከመጠን በላይ መብዛታቸው ነው።

የቴይለርሜድ ስትራይፕ ከዚህ የተለየ መንገድ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቱር ሪስፖንስ በተባለው ኳስ ላይ የመጣው ይህ ምልክት ኳሱን ሙሉ በሙሉ የሚዞር ሰፊ ባለቀለም ቀበቶ ሲሆን፣ በኋላ ቲፒ5 በተባለው ኳስ ላይም ታትሟል። ቀበቶው ሙሉ ዙር መሆኑ ሁለት ነገር ያስገኛል። አንደኛው፣ ኳሱ ፊትና ኋላው እስከሚታይበት ድረስ የተዘረጋ መሪ ማግኘት ነው። ሁለተኛውና ለልምምድ ወደር የማይገኝለት፣ ኳሱ ሲንከባለል የሚሰጠው ምስክርነት ነው፦ የፑተሩ ፊት ቀጥ ብሎ ኳሱን መሐሉ ላይ ካገኘው ቀበቶው ሳይናወጥ አንድ ወጥ ሆኖ ይሮጣል፤ ፊቱ ከፈት ወይም ዘጋ ብሎ ከሆነ ደግሞ ቀበቶው እየተወዛወዘ ይሄዳል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀበቶው ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ካለ፣ ምቱ ምንም ያህል ቢያምር መወዛወዙ አይቀርም። ስለዚህ ምቱን ከመውቀስ በፊት አቀማመጡን መመርመር ተገቢ ነው።

የስሪክሰን ኪው-ስታር ቱር ዲቫይድ ግማሹ በአንድ ቀለም፣ ግማሹ በሌላ የተሸፈነ ኳስ ነው። መሪው ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት ወሰን በመሆኑ እንደ ቀበቶው ሙሉ ዙር ነው። ሲንከባለልም ሆነ ከግሪን ውጭ በአጭሩ ሲመታ ሽክርክሪቱ በግልጽ ስለሚታይ፣ ለሚማር ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ይናገራል። ለማነጣጠር ግን ከቀበቶው ወይም ከሦስቱ መስመሮች በታች አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ አንድ ወሰን ብቻ ሲኖር አቀማመጡን የሚያመሳክር ሌላ ትይዩ መስመር አይገኝምና።

ለማነጣጠር ተብለው ባይሠሩም ከእነዚሁ ጋር የሚደባለቁ ምልክቶች አሉ። የካላዌይ ትሩቪስ የእግር ኳስ የሚመስል ንድፍ ኳሱን በቀላሉ ለማየት ይረዳል እንጂ አቅጣጫ አይሰጥም። ብሪጅስቶን ከጎልፍ ተጫዋቹ ጄሰን ዴይ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ማይንድሴት የተባለው ባለቀለም ክብ ምልክት ደግሞ ከምት በፊት ሐሳብን ለመሰብሰብ የታሰበ ነው።

ከሁሉ ርካሹ አማራጭ በእጅ የሚሠመረው መስመር ነው። ኳሱን የሚያቅፍ የተሸነቆረ ፕላስቲክና የማይለቅ ቀለም ያለው ማርከር ካለ፣ ማንኛውንም ኳስ በሚፈለገው ርዝመትና ውፍረት ማስመር ይቻላል፤ ሕጉም አይከለክልም። ከፋብሪካ ከሚወጣው የሚያንሰው በጥንካሬው ነው፤ ዌጅ በተባለው የአጭር ምት ዱላ ፊት ላይ ያሉት ቦዮች ስለሚፍቁት አልፎ አልፎ መታደስ አለበት። ሆኖም የለመዱትን ኳስ ሳይለውጡ መስመር ይስማማኝ እንደሆነ ልሞክር ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

መሞከር የግድ የሚሆነው መስመር ለሁሉም ስለማይስማማ ነው። ከኳሱ ኋላ ተቀምጠው ሲያዩት ቀጥ ያለው መስመር፣ ቆመው ቁልቁል ሲያዩት ወደ ጎን የዞረ የሚመስላቸው ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ ምክንያቱም ቆመው ሲያዩ ዓይናቸው በትክክል ከኳሱ በላይ አይውልም። ሲቆም በመስመሩ የሚጠራጠር ሰው በምቱ መሐል እጁን ለማረም ስለሚሞክር፣ ከነጭ ኳስ የባሰ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። በደልዳላ ግሪን ላይ ከ2 ሜትር ርቀት ኳሱን አስተካክሎ ካስቀመጡ በኋላ መስመሩ የት እንደሚያመለክት ሌላ ሰው ከኋላ ሆኖ እንዲያይ ማድረግ ቀላልና አስተማማኝ ፈተና ነው። መስመሩ ጉድጓዱን እያመለከተ ለራስዎ የተዛነፈ ከመሰለዎት፣ ወይ አቋቋምዎን ያስተካክሉ፣ ወይ አጭሩን ምልክት ይምረጡ። ተዳፋት ባለበት ግሪን ላይም መስመሩ የሚመለከተው ኳሱ መነሣት ያለበትን አቅጣጫ እንጂ ጉድጓዱን አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ ተዳፋቱን የማንበብ ሥራ የትኛውም ምልክት አይሠራልዎትም።

ጊዜም ይታሰብ። ሕጉ አንድን ምት ከ40 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መምታትን ይመክራል፤ መስመሩን ደጋግሞ የሚያዞር ሰው ይህን ቶሎ ያልፈዋል። ከዚህ አንጻር ሰፊው ቀበቶ ከርቀት ስለሚታይ በአንድ ጊዜ ማስተካከልን ያቀላል።

ለምርጫው የምመክረው ቅደም ተከተል ከኳሱ ጥራት የሚጀምር ነው። አንድ ዓይነት ምልክት በተለያዩ ኳሶች ላይ ይገኛል፦ ትሪፕል ትራክ ሽፋኑ ዩሬቴን (ለስላሳ የፕላስቲክ ዓይነት) በሆነው ክሮም ሶፍትም፣ ሽፋኑ በተለየው ኢአርሲ ሶፍትም ላይ አለ፤ ሁለቱ ግሪን አካባቢ የሚያሳዩት ጠባይ ግን አንድ አይደለም። የሚስማማዎትን ሽፋን ከወሰኑ በኋላ፣ ፑቱ ለሚዛነፍበትና ምክንያቱን ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ቀበቶውን፣ ምቱ ጥሩ ሆኖ ማነጣጠሩ ለሚያስቸግረው ሦስቱን መስመሮች፣ ገና ለሚማር ደግሞ ሁለት ቀለሙን እመርጣለሁ። በውድድር የሚጫወት ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያጣራ፦ አንዳንድ ውድድሮች ዙሩ እስኪያልቅ በተፈቀዱ ኳሶች ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ በሰፈረ አንድ ዓይነት ኳስ ብቻ መጫወትን ያስገድዳሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ደግሞ ባለቀበቶውና ነጩ ለየብቻ ሊሰፍሩ ስለሚችሉ፣ እንዲህ ባለው ውድድር ላይ ለዙሩ በቂ የሚሆን አንድ ዓይነት ኳስ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል።