ዴሞ ቢንዲንግ፦ ትክክለኛውን ማውንት ፖይንት ለማግኘት ያዋጣል ወይ?

ሰው ስኪ ሲገዛ ስለ ርዝመቱ፣ ስለ ወርዱ፣ ስለ ቀለሙ ሳይቀር ሲጨነቅ ይከርምና ቢንዲንጉ (ቡቱን፣ ማለትም የስኪ ጫማውን፣ ከስኪው ጋር የሚያያይዘው) የት ጋ ይገጠም (ማውንት ፖይንት የሚባለው ይሄ ቦታ ነው) ሲባል "ያው ፋብሪካው ያሰመረው መስመር ላይ" ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ መልሱ ልክ ነው እኮ፣ ችግሩ አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው፣ 2 ሴንቲ ወደፊት ቢሆን ወይ ወደኋላ ቢሆን ምን ይሆን ነበር ብሎ ለመሞከር ስኪውን እንደገና መብሳት ነው፣ ስለዚህ እኔ ሰፊው ስኪዬ ላይ ዴሞ ቢንዲንግ አስገጠምኩ። ዴሞ ማለት ያ የኪራይ ስኪ ላይ የምታዩት፣ የፊቱም የተረከዙም ክፍል በሃዲድ ላይ የሚንሸራተተው ነው። ይሄ ሪቪው ስለ አንድ ብራንድ አይደለም፣ ታይሮሊያም ማርከርም ሳሎሞንም ዴሞ አላቸው፣ እኔ የማወራው እንደዚህ አይነት ቢንዲንግ ማውንት ፖይንት ለመፈለግ ይጠቅማል ወይ ስለሚለው ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንግባባ። ቡታችሁ ጎኑ ላይ የሶሉን መሃል የሚያሳይ ጭረት አለው፣ ስኪው ላይ ደግሞ ፋብሪካው ያሰመረው መስመር አለ፣ ሁለቱ ሲገጥሙ "ዜሮ" እንላለን። ሰው "ማይነስ 6" ምናምን ሲል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያ የፋብሪካው መስመር ከስኪው ትክክለኛ አጋማሽ በስንት ሴንቲ ወደኋላ እንደሆነ ነው። የፓርክ (መዝለያ የተሰራበት ቦታ) ስኪዎች ከ0 እስከ ማይነስ 3 አካባቢ ናቸው፣ የድሮው አይነት ቀጥ ብሎ ለመውረድ የተሰሩት ማይነስ 10 እና ከዛም በላይ ይሄዳሉ፣ ዘንድሮ የሚወራላቸው ሁሉን ቻይ ስኪዎች መሃል ላይ ናቸው። መስመሩ ወደ መሃል መጠጋት የጀመረው ትዊን ቲፕ (ጭራውም እንደ ጫፉ ወደላይ የታጠፈ ስኪ) ከመጣ በኋላ ነው፣ እነ ሳሎሞን ቴንኤይቲ እ.ኤ.አ በ1998 አካባቢ ሲወጡ ማለት ነው፣ ወደኋላ ዞሮ የሚወርድ ሰው ጭራውም እንደ ጫፉ እንዲሰራለት ይፈልጋላ። ስትለኩ ሜትሩን በስኪው ጉብታ ላይ አታስተኙት፣ ከጭራ እስከ ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ደግሞ ሁለቱን ስኪ ጎን ለጎን አቁማችሁ መስመሮቹ መግጠማቸውን እዩ፣ አንዳንዴ በጥቂት ሚሊ ይለያያሉ፣ ያኔ የታተመውን መስመር ትታችሁ ሁለቱንም ከጭራ ነው የምትለኩት።

የኔ ስኪ ወገቡ 108 ሚሊ፣ ርዝመቱ 184 ሴንቲ፣ መስመሩ ማይነስ 6 ላይ ነው። ወደፊት 2 ሴንቲ ሳደርገው መጀመሪያ በጣም ነው የወደድኩት፣ ዛፍ መሃል እና ጉብ ጉብ ባለ ቦታ ላይ ስኪው ያጠረ እስኪመስለኝ ድረስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ጭራው ከኋላ ስለረዘመ ደግሞ ዘለህ ስታርፍ ደግፎ ይይዝሃል። ከዛ ጥልቅ በረዶ መጣና ፍቅሩ አለቀ፣ ጫፉ እየሰመጠ እሱን ለማንሳት ወደኋላ መቀመጥ ግድ ሆነ፣ ወደኋላ ከተቀመጥክ ደግሞ ጭንህ ይቃጠላል ስኪውም አይታዘዝም። ወደኋላ 2 ሴንቲ ሲሆን ተቃራኒው ነው፣ ፓውደር (ያልተረገጠ ለስላሳ በረዶ) ላይ ጫፉ ብቻውን ይንሳፈፋል፣ በፍጥነት ሲወርድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ግን ጠንካራ በረዶ ላይ መዞር ስትጀምር ጫፉ ዘግይቶ ነው የሚነክሰው፣ ቅልጥምህን በቡቱ ምላስ ላይ አጥብቀህ ካልተጫንክ ጭራሽ አይነክስም። እኔ የተስማማኝ ከመስመሩ 1 ሴንቲ ወደኋላ ነው። 1 ሴንቲ ምን ለውጥ ያመጣል ለሚል ሰው፣ አዎ ትንሽ ነው ግን ይሰማል፣ 2 ሴንቲ ማንም ይለየዋል፣ 3 ሴንቲ ላይ ግን ሌላ ስኪ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማንም በደንብ የማያስረዳው። ሃዲዱ ላይ ያሉት ቁጥሮች የቦታ መለኪያ አይደሉም፣ የቡት ሶል ርዝመት ናቸው። ቡትህ 305 ከሆነ የፊቱንም የተረከዙንም 305 ላይ ታደርጋለህ፣ ያኔ መሃሉ መስመሩ ላይ ይወድቃል። ሶሉ ሲረዝም ግማሹን ፊት ግማሹን ኋላ ስለሚካፈሉት እያንዳንዱ ክፍል የሚሄደው የቁጥሩን ግማሽ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ሴንቲ ወደፊት ለመሄድ የፊቱን 325 ላይ፣ የተረከዙን ደግሞ 285 ላይ ታደርጋለህ እንጂ ሁለቱንም 10 ቁጥር አታንቀሳቅስም። የሃዲዱ ጥርሶች በልክ ካልገጠሙልህ የሚቀርበውን ያዝና በማስመሪያ ለካ፣ ቁጥሩን ብቻ አትመን። አንዱን ጫፍ አንቀሳቅሶ ሌላውን የረሳ ሰው ቡቱ ወይ አይገባለትም ወይ ይላላበታል። ባንቀሳቀስክ ቁጥር ቡቱን አስገብተህ ተረከዙ ጋ ያለችውን የፎርዋርድ ፕሬሸር (ተረከዙ ቡቱን ወደፊት የሚገፋበት ጫና) ምልክት እይ፣ እሷ ልክ ካልሆነች ዲን (ቢንዲንጉ በምን ያህል ጉልበት እንደሚፈታ የሚወስነው ቁጥር) ስንት ላይ ነው የሚለው ቁጥር ምንም ትርጉም የለውም፣ መፈታት ሲገባው ላይፈታ ይችላል፣ በጉልበት አይቀለድም።

አሞካከር ላይ፣ ጠዋት አንዱን ከሰአት ሌላውን መሞከር ዋጋ የለውም፣ በረዶው ራሱ ተቀይሯል። ያው ተዳፋት ላይ፣ በተቀራረበ ሰአት፣ መሃል መሃል ላይ ወደ ዜሮ እየተመለሳችሁ ነው የሚሆነው። ከተቻለ ደግሞ ጓደኛ ያስተካክልላችሁና የት እንዳደረገው አይንገራችሁ (ሳቅ አለው፣ ግን ይሰራል)፣ ምክንያቱም ወደፊት ነው ብላችሁ ካወቃችሁ ገና ሳትወርዱ "ቀለለኝ" ትላላችሁ።

የማልወድለት ነገር አለ። ከባድ ነው። ከተራው ትንሽ ከፍ ያደርጋል፣ ጠንካራ በረዶ ላይ በፍጥነት ስትዞር ደግሞ ሃዲዱ ውስጥ ትንሽ መወዛወዝ ይሰማል፣ ተረከዙ ጋ። እና አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የተረከዙና የፊቱ ከፍታ ልዩነት ከሌላው ቢንዲንጋችሁ የተለየ ከሆነ "ማውንት ፖይንቱ አልተስማማኝም" የምትሉት ነገር የከፍታው ጣጣ ሊሆን ይችላል። ተረከዝ ከፍ ሲል ሰው ወደፊት ይወድቃል፣ ያንን ለማካካስ ቢንዲንጉን ወደኋላ መግፋት ያምረዋል። ሴንቲ ከመቁጠር በፊት ሁለቱን ከፍታ ለኩ፣ የቡቱን ዘንበል ማለትም እዩ።

ቡታችሁ የማይቀየር ከሆነና አንድ ስኪ ብቻ ላይ መሞከር ከፈለጋችሁ ማርከር ስኪዞ የሚባል ነበር፣ በአንድ ብሎን ሙሉው ቢንዲንግ በጠቅላላ 6 ሴንቲ ይሄዳል፣ 3 ወደፊት 3 ወደኋላ፣ የሶል ቁጥር መቁጠር ምናምን የለም። ያገለገለ ካገኛችሁ ሁኔታውን በደንብ አይታችሁ ነው።

ለማን ይሁን? የፋብሪካው መስመር ማይነስ 10 የሆነ ጠባብ፣ ለተደለደለ ተዳፋት የተሰራ ስኪ ያለው ሰው ይተወው፣ እዛ ላይ የስኪው ወገብና ካምበሩ (መሃሉ ወደላይ የተቆለመመበት ቅርጽ) ከመስመሩ ጋር ታስበው ስለተሰሩ ማንቀሳቀስ የሚያበላሸው ይበዛል። ሰፊ፣ ጫፉም ጭራውም ሮከር ያለው (ቀስ እያለ ወደላይ የሚነሳ)፣ ለፓውደርም ለፓርክም ልጠቀምበት የሚል ሰው ነው የሚያተርፈው። ከ5 ለዴሞው 4 እሰጠዋለሁ፣ ለክብደቱ ነው 1 የቀነስኩት።

ቦታውን ካገኘሁ በኋላ ወደ ቋሚ ቢንዲንግ ልቀይር ብዬ የወረቀት ቴምፕሌት አስቀምጬ አየሁት፣ አዲሱ ቀዳዳ ከድሮው መሃል ለመሃል ቢያንስ 1 ሴንቲ መራቅ አለበት፣ የኔ የፊቶቹ ሁለቱ ግን ከድሮው በ6 ሚሊ ርቀት ላይ ወደቁ። ስኪው ውስጥ ታይታናል (የአሉሚኒየም ቅይጥ ንጣፍ) ስላለ በ4.1 ሚሊ መብሻ ነው የሚበሳው፣ ብረት የሌለው ቢሆን 3.5 ይበቃ ነበር፣ በሁለቱም ጥልቀቱ 9 ሚሊ ነው። ሌላ ሞዴል ቢንዲንግ ቀዳዳው የማይጋጭ እስካገኝ ዴሞው ከመስመሩ 1 ሴንቲ ወደኋላ እንዳለ ይቆያል።