«ወላጅ አምጪ» ሳትባል የመጣ ደብዳቤ

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ከረማችሁ? እንኳን አደረሳችሁ የምልበት ጊዜ አልፏል፣ መስቀልም ወጥቷል። ይህን ምስጋና ለመጻፍ ግን ከመስከረም መባቻ ጀምሮ ሳስብ ነበር። ቀን ሱቁ ላይ ሰው ይበዛብኛል፣ ማታ ደግሞ ይደክመኛል። ዛሬ መብራት ጠፍቷል፣ ደንበኛም የለም። ስልኬ ቻርጅ አለው። ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የማመሰግነው አንድ መምህር ነው። ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ዩኒት ሊደር ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጽፍ ፈልጌ ጠይቄው ነበር፣ «እባክዎ ይተዉኝ፣ የሌላ ክፍል ወላጅ ሁሉ እኔ ቢሮ ይሰለፋል» ብሎ ሳቀ። እሺ ብያለሁ።

እኛ ስንማር ትምህርት ቤት ቤተሰብን የሚያናግረው በሁለት ቃል ነበር። «ወላጅ አምጣ።» ወይ መስኮት ተሰብሯል፣ ወይ ልጁ ፎርፏል፣ ወይ ጸጉሩን አልተቆረጠም። ደህና ከሆንክ ማንም ቤትህን አይፈልገውም። አባት ሲፈራ ደግሞ ከሰፈር አንድ ትልቅ ሰው ተለምኖ «አጎቱ ነኝ» እያለ ይሄዳል። እኔ ራሴ አንዴ የጎረቤት ልጅ «አክስት» ሆኜ ሄጃለሁ። ዳይሬክተሩ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

አሁን የእውነት አክስት ነኝ። የእህቴን ልጅ ነው የማሳድገው። እናቷ ኩዌት ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ልጅቷ ዘንድሮ ዘጠነኛ ገብታለች። ስለዚህ «ወላጅ» የሚለው ቃል በተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ላይ እኔ ትንሽ እሳቀቃለሁ። አምና በነበረችበት ትምህርት ቤት ካርድ ልቀበል ሄጄ «እናቷ ትምጣ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ከኩዌት ለካርድ! በዚያው ዓመት ደግሞ ዩኒፎርሟ ወይን ጠጅ ነው ተብዬ ገዝቼ አሰፋሁ። ከሳምንት በኋላ «ይሄ ቀይ ነው እንጂ ወይን ጠጅ አይደለም» ተብላ ከበር ተመለሰች። ስታለቅስ ነው የደረሰችብኝ። ሁለተኛ ጨርቅ ተገዛ። ወይን ጠጅ የሚባለው ቀለም ስንት ዓይነት እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

እና ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ላስመዘግባት ስሄድ ወገቤን ታጥቄ ነበር የሄድኩት። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን፣ ካርዷን፣ መሸኛዋን፣ ፎቶዋን፣ መታወቂያዬን ይዤ ተሰለፍኩ። ምዝገባው ሲያልቅ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ፊትና ጀርባ የተጻፈ ፎቶ ኮፒ፣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ። ክፍያ የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ከላይ ግን «ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች» ይላል። አሳዳጊዎች! ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት።

ከታች ጥጉ ላይ ደግሞ በስቴፕለር የተመታ ቁራጭ ጨርቅ አለ። የጣት ጥፍር ታክላለች። ግራጫ። «የዩኒፎርሙ ቀለም ይህ ነው፣ ጨርቅ ሲገዙ ይህን ይዘው ይሂዱ» ይላል። በቃ። ይህን ለማሰብ ምን ያህል ሰው ከበር ሲመለስ አይቶ እንደሆነ እንጃ። ኋላ ስጠይቀው ጨርቁን ከሚሸጡ ሰዎች ቁርጥራጭ ለምኖ፣ ከሁለት መምህራን ጋር ማታ ማታ ሲመቱ እንደከረሙ ነገረኝ። የፎቶ ኮፒውን ወጪ ወመህ ነው የቻለው። ወላጅ መምህር ህብረቱ ስብሰባ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን፣ እኔም ነበርኩ።

ደብዳቤው ውስጥ ያለው ነገር ተራ ነው። ሰልፍና ሰንደቅ ዓላማ 2 ሰዓት ላይ፣ በር የሚዘጋው 2፡15። ስልክ ክልክል ነው፣ ከተያዘ የሚመለሰው ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ጥር ላይ ያልቃል። ልጅ ከታመመ በዚያው ቀን በዚህ ቁጥር ይደውሉ። ስለ መጽሐፍ የጻፈውን ግን ወድጄዋለሁ፦ «መጻሕፍት ለሁሉም አልደረሱንም። ለጊዜው ለሦስት ተማሪ አንድ ነው። በስልክ የሚነበበው ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቴሌግራም አለ። ስልክ የሌለው ልጅ እንዳይሳቀቅ፣ ቤተ መጻሕፍት እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው።» ሌላ ቦታ ቢሆን «በቅርቡ ይሟላል» ይባል ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ስብሰባ ተጠራን። እዚህ ላይ ትንሽ ልማው። ሰውየው ወሬ ይወዳል። 3 ሰዓት የተባለው ስብሰባ ሰው እስኪሞላ 4 ሆነ፣ ያለቀው ደግሞ 6 ተኩል ላይ ነው። ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ የመጣሁ ሰው ነኝ፣ ወንበሩ ላይ ስቁነጠነጥ ነበር። ግን ደብዳቤውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። መጀመሪያ «ወረቀቱ እጃችን ላይ እያለ ምን ያነብልናል» ብዬ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡትን እማማ ሳይ ገባኝ። ወረቀቱን ገልብጠው ነው የያዙት። የልጅ ልጃቸውን ነው የሚያሳድጉት። ጨርቋን በጣታቸው እያሻሹ ያዳምጣሉ። ማንንም «ማንበብ የማይችል እጁን ያውጣ» አላለም። ለሁሉም አነበበ፣ አለቀ።

ቀጥሎ ስለ ፈተና ተናገረ። አንድ አባት ተነስተው «የአሥረኛው ማትሪክ መቼ ነው?» አሉ። ብዙዎቻችን ውስጥ ያለው ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በእኛ ጊዜ ሕይወት የምትለየው አሥረኛ ላይ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ እንደቀረ አስረዳን። አሁን አንደኛ ደረጃ እስከ ስድስተኛ፣ መካከለኛ ሰባተኛና ስምንተኛ፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለው ደግሞ አንድ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ነው። አሥራ አንደኛ ላይ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው ይለያሉ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ላይ ብሔራዊ ፈተና። «ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ የሚያስደነግጥ ነገር የለም» አለ፣ «አደጋውም እሱ ነው። ልጁም ይተኛል፣ እናንተም ትተኛላችሁ፣ እኛም እንተኛለን።»

ሰሌዳው ላይ አራት ቁጥር ጻፈ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4። ዝም አልን። ከመቶ ስምንት የሚለውን ሁላችንም በዜና ሰምተነዋል፣ ሰምተን ደግሞ ቡናችንን ጠጥተናል። እሱ ግን ከፊት ረድፍ ስምንት ሰው አስነሳ። አንዷ እኔ ነበርኩ። «አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው ቢኖር ያለፉት እነዚህ ናቸው» አለ። ተነስቼ ወደኋላ ሳይ ያ ሁሉ የተቀመጠ ሰው... እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃ እንደማያዋጣም ሳይሸፋፍን ነገረን። ልጅ ለማስፈራራት አልነበረም። ልጆቹ እዚያ አልነበሩም፣ እኛን ነበር ያናገረው።

አንዲት እናት «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ በምን ላስጠናት?» አለች። ትምህርቱ ከዘጠነኛ ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ በቀር። መልሱን እስካሁን እየሠራሁበት ነው፦ «ማታ ማታ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቋት። ዛሬ የተማርሽውን በአማርኛ አስረጂኝ ይበሏት። ካስረዳችዎት ገብቷታል። እንግሊዝኛውን እየደጋገመች ከሆነ ሸምድዳ ነው፣ ነገ ትጠይቀኝ።» እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እጠይቃታለሁ። ስለ ሴልና ስለ ስበት ኃይል የማውቀውን ብታዩ ትገረማላችሁ።

ስብሰባው ሲያልቅ ፎርሙን ይዤ ጠጋ አልኩት። «የእናት ስም» እና «የአባት ስም» የሚል ቦታ ነበረው። አባቷ በሕይወት የለም፣ እናቷ ደግሞ ስልኳ የሚነሳው አርብ ማታ ብቻ ነው። ይህን ሳስረዳ ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ መሰለኝ፣ የአምናው ካርድ ትዝ ብሎኝ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ «የእናት ስም» ከሚለው ጎን በስክሪብቶ «አሳዳጊ» ብሎ ጨመረና ስሜንና ስልኬን ጻፈ። «የእናቷንም እንጽፋለን፣ ግን የምንደውለው ለእርስዎ ነው፣ ካርድም የሚቀበሉት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ደብዳቤውን ደግሞ በድምፁ ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ለቆታል። ለማያነቡት ነው ያደረገው፣ ለእኔ ግን ሌላ ሥራ ሠራልኝ። በኢሞ ለእህቴ ላኩላት። አሠሪዎቿ ተኝተው ወጥ ቤት ስታጸዳ ሰማችው። በማግስቱ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ልጅቷ ጤና አልነበረም። «ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 11 ሰዓት ነው አይደል? እዚያ ትቆይ እንዴ?» አለችኝ። ከስድስት ዓመት በኋላ ስለ ልጇ የሚወሰን ነገር ላይ ሐሳብ ስትሰጥ ሰማኋት። እስከዚያ ድረስ «አንቺ እንዳየሽ» ነበር የምትለው።

ዋናው ታሪክ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ 6 ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። «ከትምህርት ቤት ነው» ሲል ልቤ ወረደ። ልጅቷ ጠዋት ገብታለች፣ አራተኛውና አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ግን ቀሪ ሆናለች። «ይምጡ ማለቴ አይደለም፣ ሱቅዎን አይዝጉ» አለ። «ግቢ ውስጥ ናት፣ አግኝቻታለሁ። ማታ እንዳይቆጧት ብዬ ነው የደወልኩት።» ይህን ሰው ከየት አመጡት?

ለካ ልጅቷ ከፊዚክስ ነው የምትሸሸው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ሲጠይቃት አማርኛ ቀላቅላ መልሳ ክፍሉ ስቆባታል። ከዚያ ወዲያ ፊዚክስ ሲደርስ ከመጸዳጃ ቤቱ ኋላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ትቀመጣለች። ይህን እኔ በምንም መንገድ አላውቅም ነበር። እኔ ጋ «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና» ነው ያለው። እሱ ከፊዚክስ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጠው ቱቶሪያል ውስጥ አስገባት፣ ክፍያ የለውም። ሦስቱንም ነው ያስገባቸው። አሁን ፊዚክስ ትወዳለች አልላችሁም። ትገባለች ግን። ባለፈው ፈተና ከ10 6 አመጣች፣ ወረቀቱን አምጥታ ራሷ አሳየችኝ።

እንግዲህ ጥቆማዬ። በእኛ አካባቢ የምትኖሩ፣ ልጃችሁ ዘጠነኛ የገባ፣ በተለይ የራሳችሁ ያልሆነ ልጅ የምታሳድጉ አክስቶች፣ አያቶች፣ ታላቅ እህቶች፣ ይህን ሰው ሳታገኙት አትክረሙ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ቢሮው ክፍት ነው። ጥበቃው «ማን ጠራሽ?» ካለ «ዩኒት ሊደሩን ነው» በሉ፣ ለምዶታል። መታወቂያችሁንና የልጁን ካርድ ያዙ። የስልክ ቁጥራችሁ ከተቀየረ መጀመሪያ እሱን አስመዝግቡ፣ አምና ያልተነሳለት ስልክ ሁሉ እንደሚያበሳጨው ነግሮኛል። ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፣ ብያለሁ ወሬ ይወዳል።

ዩኒፎርም ያላሰፋችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ወረድ ብሎ ባለ ሲንጀር አንድ አባት አሉ። ቁራጯን አይተው ጨርቁን ራሳቸው ይመርጡላችኋል፣ ቀሚሱን ከታች ሦስት ጣት አጥፈው ስለሚሰፉት ልጅቷ ስትረዝም ይለቀቃል። ቀን ቀጥረው አይዋሹም። እንዲህ ያለ ልብስ ሰፊ ደግሞ በመስከረም የት ይገኛል!

ሌላ ትምህርት ቤት የምትሠሩ መምህራንም ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የደብዳቤውን ፎቶ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልክላችኋለሁ። የመምህሩን ስምና ስልክ ጥቁር አድርጌበታለሁ፣ የቀረው እንዳለ ነው። እሱንም አስፈቅጄዋለሁ፣ «ይገልብጡት፣ ፊደል የሳትኩበትን ግን ያርሙልኝ» ብሏል። ጨርቋ ብቻ የለችም። እሷን ልጅቷ ነቅላ ለእናቷ በካሜራ አሳይታ የሆነ ቦታ አስቀምጣታለች፣ የት እንደሆነ አልነግርም ትላለች።